መሬት ልትስም የደረሰች መኪና እንዴት ትነሳለች?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ክሪክ ነው። አዎ፣ መኪና ስለሚያነሳው ክሪክ። "ይሄ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?" የሚል ካለ፣ ሞላዋ ተቀይሮ ከመሬት አራት ጣት ብቻ የቀራት፣ ዙሪያዋን በፕላስቲክና በፋይበር ግላስ የተከበበች መኪና በቤቱ የለችም ማለት ነው። ያለችበት ሰው ጣጣውን ያውቀዋል።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሥራውን አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን የምሠራው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው በጋ አንድ አባት ከልጁ ጋር መጣ። መኪናዋ ሆንዳ ሲቪክ ናት፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ቸርኬዋ ያብረቀርቃል። "ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ዘይት ለማስቀየር ሦስት ቦታ ዞርኩ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ሥሯን ያዩና 'ሶሪ' ይሉኛል። በሽታዋ ምንድን ነው?" አለኝ። ልጁ ከጎኑ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ በሽታ የለባትም፤ ትንሽ ዝቅ ስላለች ነው" አለ። አባትየው ይሄን ጊዜ ዞር ብሎ፣ "ዝቅ አለች? ተኛች በል እንጂ!" አለው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጋራዦቹም ቢሆኑ ከክፋት አይደለም እምቢ የሚሉት። የዘይት ቅየራ የሚያስገባው ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። የአንዱን ጎን ፋይበር ግላስ ቢሰብሩ ግን ዕቃው ብቻ በመቶዎች ዶላር ይጠየቃል፤ ቀለሙ ደግሞ ለብቻው ነው። ስለዚህ ባለጋራዡ ሒሳቡን በልቡ ያሰላና ይሸኛችኋል። የእኔ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ሦስት ቦታ የተመለሰ ወጣት አራተኛ ቦታ አይሄድም። ርካሽ ክሪክ ይገዛና በአፓርታማው ፓርኪንግ ላይ፣ ሲገኝ ባገኘው ቦታ ያስደግፍና ሥሯ ይገባል። ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ብረት ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው አባትም ልጅም እንዲያነቡት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንዲት መኪና ዝቅ የምትለው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ሞላውን በአጭር ሞላ መለወጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኢንች ተኩል ያወርዳታል። ሁለተኛው ኮይልኦቨር የሚሉት፣ ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆኖ ከፍታው በጥርስ እየተሽከረከረ የሚስተካከለው ነው። ሦስተኛው በሞላ ፋንታ የአየር ከረጢት አስገብቶ በቁልፍ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። (አራተኛም አለ፤ ሞላውን በመጋዝ መቁረጥ። እሱን ቆየት ብለን እንመለስበታለን፤ እኔ ግን ከመንገዶቹ አልቆጥረውም።) ከዚህ በላይ ደግሞ ቦዲ ኪቱ ይጨመራል፤ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ሊፕ፣ ከኋላ ሌላ፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ ከበሮቹ በታች የሚንጠለጠለው። ልጆቹ "ሳይድ ስከርት" ይሉታል። ስከርት ቀሚስ አይደል? እኔም ቀሚስ ነው የምለው።

ለመካኒኩ ችግር የሚሆነው ከመውረዷ ይልቅ ቀሚሱ ነው። መውረዷ ክሪኩን እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቀሚሱ ግን መኪናዋ የምትነሳበትን ቦታ ራሱን ይሸፍነዋል።

ያ ቦታ የት ነው? የዛሬ መኪኖች አብዛኞቹ እንደ ድሮው የጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ፣ ሁለት ላሜራዎች ተጋጥመው የተበየዱበት ወደ ታች የቆመ ቀጭን ጠርዝ አለ። አሜሪካኖቹ ፒንች ዌልድ ይሉታል። ጣታችሁን ብትሰዱ እንደ ቢላ ጀርባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ጠርዝ በሙሉ ርዝመቱ እኩል ጠንካራ አይደለም። ከፊት ጎማው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት፣ ፋብሪካው ከውስጥ ተጨማሪ ላሜራ ደርቦ ያጠነከራቸው ቦታዎች አሉ። በብዙ መኪኖች ላይ እነዚህ ቦታዎች ጠርዙ ላይ በተቆረጡ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ይታወቃሉ፤ መነሻው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። አራት ቦታ፣ በየጎማው አንድ። ጎማ ለመቀየር ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ትንሹ ክሪክም የሚገባው እዚያው ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ በሥዕል አለ።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ መኪና ላይ ከፊት በመሐል፣ ከኋላም በመሐል፣ ትልቅ ክሪክ የሚያርፍበት ብረት አለ። ብዙ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም፤ ይሄንንም መጽሐፉ ይነግራችኋል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ክልክል ነው። የዘይቱ ኮፓ ብረት ቢመስልም ቀጭን ነው፤ በአልሙኒየም የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ወለሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ከወለሉ ሥር የሚያልፈው የነዳጅና የፍሬን ቧንቧም አብሮ ይጎዳል። ማርሚታውን ለክሪክ መደገፊያ ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ ስለሱ ብዙ አልናገርም።

አሁን ወደ ቀሚሱ። ጥሩ ገጣሚ ቀሚሱን ሲገጥም ጠርዙ ነፃ ሆኖ እንዲታይ ያደርገዋል። መጥፎ ገጣሚ ግን ቀሚሱን ከጠርዙ በታች አንድ ሁለት ኢንች ያወርደውና ወደ ውስጥም አጥፎ በብሎን ያስረዋል። ያን ጊዜ ክሪኩ ከጠርዙ በፊት ቀሚሱን ያገኘዋል። ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ከሆነ እንደ ጎማ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ፋይበር ግላስ ግን አይታጠፍም፤ "ቀጭ" ካለ በቃ። ስለዚህ ገና ኪቱን ሳታስገጥሙ ለገጣሚው የምትሉት ነገር አለ፦ "አራቱን መነሻ ቦታዎች ክፍት አድርግልኝ።" ቀሚሱ ላይ ከሥር በኩል ትንሽ ክፍተት መቁረጥ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ደግሞ በጎን በኩል፣ ከመነሻዎቹ ትይዩ፣ ትንሽ ነጥብ በቀለም አድርጉ። ጋራዥ ስትሄዱ "ከነጥቡ ትይዩ" ብላችሁ ማሳየት ነው። መካኒኩ ተንበርክኮ በባትሪ መብራት ሲፈልግ አይውልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሚኒሶታም በኦሃዮም በረዶ ባለበት ሁሉ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ቀሚስ ያላት መኪና ጨዉን ከጭቃው ጋር ከጠርዙና ከቀሚሱ መካከል ትይዘዋለች። ከውጭ እንደ ሙሽራ የምታምር መኪና ከውስጥ ጠርዟ ዝጎ እንደ ብስኩት ሲፈረፈር የሚታወቀው ክሪክ ሲነካው ነው። ክረምት ሲወጣ በቀጭን ውሃ ከውስጥ በኩል ማጠብ፣ በዓመት አንዴም ቀሚሱን አስፈትቶ ማየት ይገባል።

ቦታው ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው እዚያ መድረስ ነው። ተራ ባለ ጎማ ክሪክ ተኝቶ ወደ 5 ኢንች ገደማ ቁመት አለው። ዝቅ ላለች መኪና ተብሎ የሚሠራው 3 ኢንችና ከዚያም በታች ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ጣት ነው፤ ግን ሙሉው ጣጣ ያለው እዚያ ሁለት ጣት ውስጥ ነው። ዝቅተኛውን ክሪክ መግዛት አንድ መፍትሔ ነው፤ እሱም ቢሆን እጀታው ረጅም፣ አንገቱም ረጅም ካልሆነ ከፊት ሊፑ ሥር ገብቶ መሐሉ ጋ አይደርስም። ከክሪኩ በፊት እኔ የምመክረው ግን ጣውላ ነው።

የእንጨት መሸጫ ሄዳችሁ "ሁለት በስድስት" የሚባለውን እንዳትገዙ። ስሙ ሁለት በስድስት ይባል እንጂ እውነተኛ ልኩ 1 ኢንች ተኩል በ5 ኢንች ተኩል ነው፤ የመኪናችሁ ጎማ ደግሞ ወደ 8 ኢንች ስፋት አለው፤ ጎማው ከጣውላው ይተርፋል። "ሁለት በአሥር" የሚባለውን ግዙ፤ እሱ 9 ኢንች ከሩብ ስፋት አለው። ሁለቱን ደርባችሁ በብሎን ስታስሩት 3 ኢንች ከፍታ አገኛችሁ። መኪናዋን በጎማዋ እዚያ ላይ ስታወጧት ክሪኩ ያለ ጭንቀት ይገባል።

ሁለቱን ጣውላዎች ግን እኩል ቆርጣችሁ አትደራርቡ። የመኪናዋ አፍንጫ ከፊት ጎማው ሦስት ጫማ ገደማ ይቀድማል። ሦስት ኢንች ቁመት ያለው ጣውላ ፊት ለፊቷ ብታስቀምጡ ጎማው ሳይደርስ ሊፑ ይመታዋል። ስለዚህ የታችኛው ጣውላ አምስት ጫማ ይሁን፤ የላይኛው ደግሞ አጠር ብሎ በወዲያኛው ጫፍ ላይ ይሁን። ጎማው መጀመሪያ የታችኛውን ሲወጣ አፍንጫዋ አንድ ኢንች ተኩል ከፍ ይላል፤ ሊፑ የላይኛው ጣውላ ጋ ሲደርስ ያኔ በላዩ ያልፋል። የመግቢያውን ጫፍ በሰያፍ ቁረጡት። በወዲያኛው ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት በአግድም ምቱበት፤ ጎማው አልፎ እንዳይወርድ ያግደዋል። የአንዳንዷ መኪና የኋላ ፓራውልት ከፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ማውጣቱ ይቀላል። የሚጠቁማችሁ ሰው በጎን ይቁም እንጂ ከፊት አይቁም።

ብሎኬት ግን አትንኩ። አገር ቤት ድንጋይም ብሎኬትም ለሁሉ ነገር መደገፊያ ነው፤ እዚህም ከየጓሮው አይጠፋም። እንጨት ሲከብደው ይንቋቋል፣ ይሰነጠቃል፤ ያስጠነቅቃል። ብሎኬት ግን እስኪደቅ ድረስ ዝም ብሎ በድንገት ይፈርሳል። ጎማ ሥርም ሆነ ቦዲ ሥር ቦታው አይደለም።

መኪናዋ ጣውላው ላይ ወጥታ ቆማለች እንበል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መሬት የማይለቁት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል። ይህ ለወግ አይደለም። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። የኋላውን ካነሳችሁ የእጅ ፍሬኑ የያዘው በአየር ላይ ያለ ጎማ ነው፤ መኪናዋን የሚያቆማት ታኮው ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ክሪኩ ሲያነሳ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ክንዱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በቅስት ስለሚወጣ፣ መኪናዋ ስትነሳ ክሪኩ በጎማዎቹ ወደ ሥሯ መንከባለል አለበት። አስፋልቱ በበጋ ሙቀት ለስልሶ ከሆነ፣ ወይም ጠጠር ላይ ከሆናችሁ፣ ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፤ ክሪኩ መንከባለል ሲያቅተው ጫፉ ከመነሻው ላይ ይንሸራተታል። ሲሚንቶ ላይ ሥሩ፤ አስፋልት ከሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ አንጥፉ። ጫፉ ላይ ደግሞ ጠርዙ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው ጎማ አድርጉ። አሜሪካኖቹ የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱበትን ጥቁር ክብ ጎማ ገዝተው መሐሉን በመጋዝ ይሰነጥቁታል፤ 1 ኢንች ውፍረት፣ 3 ኢንች ስፋት ያለው ጠንካራ ጎማ ነው። ጠርዙ እንዳይጣመም ያደርገዋል፣ ርካሽም ነው። ከባህላቸው ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መያዣ አይደለም። ውስጡ ያለው ዘይት በትንሽ ጎሚኒ ነው የታገደው፤ ጎሚኒው ሲያረጅ መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ወይም በአንዴ፣ ትወርዳለች። ተራ ከፍታ ያላት መኪና ብትወድቅ ጎማዎቿ እስካሉ ድረስ ከመሬት ትንሽ ክፍተት ይተርፋል። መሬት ልትስም የደረሰች መኪና ብትወድቅ ግን ለሰው ደረት የሚተርፍ ቦታ የላትም። ጎማው ተፈትቶ ከሆነማ አታንሱት። ስለዚህ ጃክ ስታንድ የሚባሉት ሦስት ወይም አራት እግር ያላቸው የብረት ድጋፎች ጠንካራዎቹ ቦታዎች ሥር ገብተው፣ ክብደቷ እነሱ ላይ አርፎ፣ በእጅ ወዝወዝ ተደርጋ ካልታየች በቀር ራስም እግርም አይገባም። የተፈታውን ጎማ ደግሞ ዝም ብላችሁ ግድግዳ አታስደግፉት፤ አጋድማችሁ ከበሩ ሥር አስገቡት።

ድጋፎቹም ቢሆኑ ይመረመራሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሀርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር "ፒትስበርግ" በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ 3 ቶንና ባለ 6 ቶን ድጋፎች፣ ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑትን፣ መልሱልኝ ብሎ አስጠርቷል። ጥርሳቸው ክብደት ላይ ሆኖ ሊለቅ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት በምትክነት ከሰጣቸው መካከልም ብየዳቸው ጉድለት ያለባቸው ተገኝተው እነሱም ተጠሩ። እነዚህ ድጋፎች ከሰው ወደ ሰው እየተሸጡ፣ በየጓዳው ተቀምጠው ይኖራሉ። ከጓደኛ የተዋሳችሁት ወይም ያርድ ሴል ላይ ያገኛችሁት ከሆነ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አመሳክሩ።

በቤት ይህን ሁሉ ማድረግ የማይፈልግ ሰው ጋራዥ ይሂድ፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ። በተለይ ቨርጂኒያ ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ስላለ መኪናዋ በዓመት አንዴም ቢሆን መፈተሿ አይቀርም። ጋራዥ ውስጥ ያሉት ማንሻዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ባለ ሁለት ምሰሶው አራት ክንዶች ይሰድና አራቱን መነሻዎች ይዞ ያነሳል። ክንዶቹ ከነመቀመጫቸው 4 ኢንች ገደማ ስለሚሆኑ ቀሚሷ ዝቅ ካለ አይገቡም። መፍትሔው ያው ጣውላ ነው፤ አራቱንም ጎማ ጣውላ ላይ አቁሞ ክንዶቹን ማስገባት። ቀሚሱ ከጠርዙ በታች የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ ሰፊውን መቀመጫ አውጥቶ ጠባብና ረዘም ያለ መደረቢያ ማድረግ ነው። ከዚያ ጎማዎቹ መሬት እንደለቀቁ ማቆም፣ ዞሮ አራቱንም ማየት፣ ፓራውልቱን ይዞ መወዝወዝ። የማይወዘውዝ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ አራት ምሰሶው ደግሞ መኪናዋ በጎማዋ የምትወጣበት ስለሆነ ቀሚሱን አይነካም፤ መውጫው ላይ ግን አፍንጫዋ ይመታል፤ እዚያም ጣውላ ያስፈልጋል።

ባለ ሁለት ምሰሶው ላይ ክብደቷ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ልጃችሁ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያሳይ ይውላል እንጂ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን የድምፅ ሣጥን አይናገርም። ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ማጉያ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ ወፍራም እንጨት፤ ሁሉም ከኋላ ጎማ በስተኋላ። መካኒኩ በፋብሪካው ሚዛን ካነሳት ወደ ኋላ ታጋድላለች። ወይ ሣጥኑን አውርዱ ወይ ተናገሩ።

አሁን ስለተቆረጠው ሞላ። መኪናዋ ስትነሳ ጎማዎቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ትክክለኛ ሞላ ያን ጊዜም ቢሆን በመጠኑ ተጨምቆ ቦታውን ይዞ ይቆያል። በመጋዝ የተቆረጠ ሞላ ግን ስለሚያጥር ይላላል፤ ከመቀመጫው ወጥቶ ይዞራል። መካኒኩ ሳያይ ካወረዳት ተጣምሞ ይቀመጣል፤ አውራ ጎዳና ላይ "ጓ" የሚል ድምፅ የምትሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሞላው የተቆረጠ ከሆነ ለመካኒኩ አትደብቁ፤ ቢቻል ደግሞ ለውጡት። የአየር ከረጢት ያላት ደግሞ ጥቅም አላት፤ አየሩን ሞልታችሁ ከፍ ስታደርጓት ክሪኩ በራሱ ይገባል። ነገር ግን ከማንሳታችሁ በፊት ከፍታዋን በራሷ የምታስተካክልበትን ቁልፍ አጥፉ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ግራ ተጋብቶ ተነስታ ሳለች አየር ማስገባትና ማስወጣት ይጀምራል። አየር ብቻ ይዟት ሥሯ መግባት ደግሞ ክሪክ ብቻ ይዟት ከመግባት አይሻልም።

አገር ቤት ሳለን ጋራዥ ውስጥ ጉድጓድ ነበር፤ መኪናው በላዩ ይቆማል፣ መካኒኩ ከታች ቆሞ ይሠራል። እዚህም ፈጣን ዘይት ቅየራ የሚሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ያው ጉድጓድ ነው ያላቸው። ለዘይት ብቻ ከሆነ ዝቅ ላለች መኪና ከማንሻ ይልቅ ይሻላል፤ ማንም አያነሳትም፣ ቀሚሷንም አይነካም። ከመግባታችሁ በፊት ግን ወርዳችሁ የጎማ መምሪያ ብረቱን ቁመት እዩ፤ አንዳንዱ ቤት ከፍ ያለ ስለሆነ ሊፑን ይገጨዋል። ፍሬንና ጎማ ከሆነ ግን ጉድጓዱ አይረዳም፤ መነሳቷ ግድ ነው።

ጋራዥ ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሉ። "መኪናዬ ዝቅ ያለች ናት፣ የቀሚሷ ከፍታ ይህን ያህል ኢንች ነው፣ ጣውላ አላችሁ ወይ?" በሉ። "ጣውላ ለምን?" ያለ ቤት ለእናንተ አይደለም። "ቢሰበር ኃላፊነት አንወስድም" የሚል ወረቀት ሊያስፈርሟችሁ ይችላሉ፤ ሳትቆጡ አንብቡት። ከመፈረማችሁ በፊት የመኪናዋን አራት ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የነበረው ስንጥቅ ከአዲሱ የሚለየው በዚያ ነው።

መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስስ? ዝቅ ያለች መኪና ጎማዋ ሲተነፍስ ይበልጥ ስለምትወርድ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ትንሽ ክሪክ እንኳ አይገባም። አንድ ጫማ ተኩል የምትሆን ቁራጭ ጣውላ በኋላ መያዝ ይጠቅማል፤ የተነፈሰውን ጎማ ቀስ ብሎ እላይዋ ላይ ማውጣት ነው። እሱም ለሰፈር ውስጥ መንገድ ነው። እንደ 495 ባለ ሀይዌይ ጠርዝ ላይ ከሆናችሁ ግን ክሪክ አታውጡ፤ ጎታች ጥሩ። ስትጠሩም "ፍላት ቤድ" በሉ፣ ዝቅ ያለች መሆኗንም ንገሯቸው። በመንጠቆ አፍንጫዋን አንስቶ የሚጎትተው ከመጣ ከፊት ሊፑን፣ ከኋላ ደግሞ ፓራውልቱን ይጨርሰዋል።

የዚያ አባት መኪና ነገር፦ ጣውላ ላይ አውጥተን አነሳናት፤ ዘይቱ ተቀየረ፣ የፊት ፍሬኗም ሸራ አልቆ ስለነበር ተለወጠ። ልጁ ከጎኔ ቆሞ መነሻዎቹን አሳየሁት፤ በጣቱ ነክቶ አያቸው። አባትየው ስለ ዋጋው ተከራክሮ ሄደ፤ ይሄ ደንብ ነው።

ስለ ማውረድ ሳልናገር እንዳልጨርስ። ክሪኩን ያስገባችሁት መኪናዋ ጣውላ ላይ ሆና ከነበረ፣ ስታወርዷትም ጣውላው ከጎማው ሥር መመለስ አለበት። ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ጣውላውን ያነሳና መሬት ላይ ያወርዳታል፤ ክሪኩ ሥሯ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ እጀታውም ቀሚሱን ተደግፎ። ያኔ ሁለተኛ ክሪክ ፍለጋ ጎረቤት ማንኳኳት ነው። መሣሪያውን ሁሉ ከሥሯ ሰብስቡ፣ ጣውላውን በቦታው መልሱ፣ ድጋፎቹን አውጡ፣ የክሪኩን ቁልፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጎማዎቹ ሲያርፉ መኪናዋ ትንሽ ከፍ ብላ ትታያለች፤ አትደንግጡ። ጥቂት ጫማ ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ስትነዷት ሞላው ቦታውን ይዞ ወደ ልኳ ትመለሳለች።